ጥሪትን ለጡረታ ገቢ ማዋል፦ ባንክ ከመሄድ በፊት የሚሠራ ስሌት

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ሰንጋ ተራ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው የባንክ ሕንፃ ነው። 209 ሜትር ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ቆሟል፤ ብሔራዊ ባንክም አይርቅም፤ የግል ባንኮቹም አንዱ በሌላው ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ጡረታ በወጡ ሰሞን የፕሮቪደንት ፈንድ (አሠሪና ሠራተኛ በየወሩ የሚያዋጡለት የድርጅት ቁጠባ) ክፍያቸውን ወይም በሃያ ዓመት ያጠራቀሙትን ቁጠባ ይዘው በዚህ መንገድ የሚያልፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «የትኛው ባንክ የተሻለ ወለድ ይሰጣል?» ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቀድሞ የሚመጣ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ከጥሪቱ ላይ በየትኛው ዓመት ስንት ብር እንደሚፈለግ መታወቅ አለበት፤ የሚመረጠው የባንክ ሒሳብ፣ አክሲዮን ወይም ቤት የሚወሰነው በዚህ መልስ ነውና።

ጉድለቱን በቁጥር መጻፍ

መጀመሪያ የጡረታ አበሉን ይገምቱ። 60 ዓመት ሞልቶት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል። መነሻው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን፣ ከ10 ዓመት በላይ ለተሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ እስከ 70 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በዚህ መሠረት 30 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ የአማካይ ደመወዙን 55 በመቶ ያገኛል። ደመወዝ የተባለው መነሻው ደመወዝ ነው፤ የቤት፣ የትራንስፖርትና የኃላፊነት አበል አይገባበትም፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠውም የመጀመሪያውን ወር አበል ተቀብሎ ከለመደው ገቢ ጋር ሲያስተያየው ነው።

በግል ድርጅት የሠራ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ማጣራት ይኖርበታል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን የፕሮቪደንት ፈንድ ወደ ጡረታ ዐቅዱ ያላዛወረ ሠራተኛ 30 ዓመት ቢሠራም የሚቆጠርለት አዋጁ ከወጣ ወዲህ ያለው ጊዜ ነው። 15 ዓመት የተቆጠረለት ሰው የሚያገኘው 36.25 በመቶ ብቻ ነው። ስለሆነም መዋጮው በየወሩ በስምዎ መግባቱን ሥራ ላይ እያሉ ያጣሩ፤ ከወጡ በኋላ የተዘጋ ድርጅት ሒሳብ ሹም ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ወጪውን ይጻፉ። ለዚህ አንድ ወር አይበቃም፤ አሥራ ሁለቱም ወራት ያስፈልጋሉ፤ ምክንያቱም የእኛ ቤት ወጪ በየወሩ እኩል አይደለም። መስከረም የትምህርት ቤት ነው፤ ፋሲካና ገና የበግና የቅቤ ናቸው፤ ከጥር እስከ ጾሙ መግቢያ ያለው ጊዜ የሠርግ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ ወር አይመርጥም። እድሩን፣ ለታመመ ዘመድ የሚሰጠውን፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን ሁሉ ይመዝግቡ። ድምሩን ለ12 ሲያካፍሉት የሚወጣው ቁጥር፣ «በወር ይህን ያህል ይበቃናል» ተብሎ በቃል ከሚነገረው ምንጊዜም ይበልጣል።

ስሌቱን በምሳሌ እናሳይ። አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ እንበል። የወር ወጪያቸው በአማካይ 38,000 ብር፣ የባልየው የጡረታ አበል 14,500 ብር ነው፤ ሚስትየው አበል የላቸውም። በወር 23,500፣ በዓመት 282,000 ብር ይጎድላል። ጥሪታቸው 3,200,000 ብር ነው። እንግዲህ ጥሪቱ በየዓመቱ 8.8 በመቶ ገደማ ማፍራት አለበት ማለት ነው፤ ያውም ኑሮ ባይወደድ።

ኑሮ ግን ይወደዳል

ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ መጠን ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገው በጥቅምት 2010 ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የዋጋ ንረቱ ከወለዱ በላይ እየሄደ በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2017 መጨረሻ ገደማ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ወርዷል። በ7 በመቶ ወለድ የተቀመጠ አንድ ሚሊዮን ብር በዓመት 70,000 ብር ያስገኛል፤ ዋጋ በ14 በመቶ ሲጨምር ግን ዘንድሮ በአንድ ሚሊዮን ብር የሚገዛውን ለመግዛት በዓመቱ 1,140,000 ብር ያስፈልጋል። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር እያደገ ገንዘቡ እየሟሸሸ ይሄዳል። ጡረተኛውን ከሌላው ቆጣቢ የሚለየው፣ የሟሸሸውን በደመወዝ ጭማሪ የሚሞላበት መንገድ ስለሌለው ነው።

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ገንዘባቸውን በሙሉ በድርድር 12 በመቶ በሚከፈልበት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ (ለተስማሙበት ጊዜ ሳይወጣ የሚቆይ ሒሳብ) አስገቡት እንበል፤ የወለድ ግብሩንም ለጊዜው እንርሳው። በመጀመሪያው ዓመት ወለዱ 384,000 ብር ስለሆነ ጉድለታቸውን ሸፍኖ 102,000 ብር ይተርፋል። ደስ ይላል። ነገር ግን ጉድለቱ በየዓመቱ በ14 በመቶ ካደገ በአራተኛው ዓመት ወደ 418,000 ብር ይደርስና ከወለዱ ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ገንዘብ መበላት ይጀምራል፤ በ12ኛው ዓመት ሒሳቡ ባዶ ይሆናል። በ60 ዓመታቸው ጡረታ የወጡት ሰው ያን ጊዜ 72 ዓመታቸው ነው። የዋጋ ንረቱ ወደ 8 በመቶ ቢወርድ ይኸው ገንዘብ እስከ 17ኛው ዓመት ይዘልቃል። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ በየዓመቱ ዘርዝሮ መሥራት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የሒሳብ ባለሙያም አያስፈልገውም። ከዓመቱ መነሻ ገንዘብ ላይ ወለዱን መደመር፣ የዓመቱን ጉድለት መቀነስ፣ በቀጣዩ ዓመት ጉድለቱን በዋጋ ንረቱ ማሳደግ ነው። ከባንክ የሚሰጥዎት ማንኛውም ብሮሹር ይህን ሠንጠረዥ አያሳይዎትም።

ከሠንጠረዡ የሚታዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ገንዘቡን በሙሉ ወለድ ላይ ማስቀመጥ ከጊዜ በኋላ ያስርባል፤ በሙሉ ለረጅም ጊዜ ማሠር ደግሞ የቅርቡን ዓመት ያስርባል። ስለዚህ ጥሪቱ በሚፈለግበት ጊዜ መሠረት ይከፈላል።

ሦስቱ ድርሻዎች

የመጀመሪያው ድርሻ በመጪዎቹ 12 ወራት የሚበላው ነው። ለባልና ሚስቱ 282,000 ብሩ ላይ ለሕክምና መጠባበቂያ ጨምረን 350,000 ብር እንበለው። ይህ በተራ የቁጠባ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ወለዱ ማነሱ አያሳስብም፤ ሥራው በተፈለገ ሰዓት መገኘት ነው። ከአንድ ባንክ ይልቅ በሁለት ማስቀመጥ ይሻላል፤ የባንኩ ኔትወርክ ተቋርጦ ሆስፒታል መግቢያ ላይ የቆመ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንዱም በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ ዋስትና የሚሰጠው እስከ 100,000 ብር ድረስ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ድርሻ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ዓመት ድረስ የሚፈለገው ነው፤ በምሳሌያችን 1,150,000 ብር ገደማ። ይህ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወይም የግምጃ ቤት ሰነድ ይሆናል። በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ላይ ወለዱ በድርድር የሚወሰን ስለሆነ፣ በሰንጋ ተራ ዙሪያ ሦስት ወይም አራት ባንኮችን በእግር ዞሮ መጠየቅ ዋጋ አለው። የመጀመሪያውን የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ መልስ የመጨረሻ አድርገው አይውሰዱት። «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ አይፈቀድልንም» የተባሉ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሻያቸውን ጠጥተው ከባንኩ ከመውጣታቸው በፊት ሁለት በመቶ ተጨምሮላቸው አይቻለሁ።

ገንዘቡን በአንድ ውል አያስሩት። በአራት ከፍለው አንዱን ለሦስት፣ ሌሎቹን ለስድስት፣ ለዘጠኝና ለአሥራ ሁለት ወራት ያስገቡ፤ ጊዜው የደረሰውን ደግሞ በየተራው ለአንድ ዓመት ያድሱ። በዚህ መንገድ በየሦስት ወሩ አንድ ድርሻ ነፃ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ድርሻ መሙላት ወይም በአዲሱ ወለድ ማደስ የእርስዎ ምርጫ ነው። ውሉ ላይ ሁለት ነገር ያንብቡ፦ ከጊዜው በፊት ቢወጣ ወለዱ ምን እንደሚሆን፣ እና ጊዜው ሲደርስ ውሉ በራሱ የሚታደስ ከሆነ በስንት ወለድ እንደሚታደስ። በድርድር የተገኘ ወለድ በዝምታ ሲታደስ ወደ ተራው መጠን ይወርዳል።

የግምጃ ቤት ሰነድ መንግሥት በብሔራዊ ባንክ አማካይነት በጨረታ የሚሸጠው የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን የብድር ሰነድ ነው። ወለድ በየወሩ የሚከፈልበት አይደለም፤ በሰነዱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ አሳንሰው ይገዙታል፣ ጊዜው ሲደርስ ሙሉውን ይቀበላሉ። ተበዳሪው መንግሥት በመሆኑ ገንዘቤ ይመለስ ይሆን የሚለው ሥጋት አነስተኛ ነው። ባንክዎ ለግለሰብ ደንበኛ በምን አነስተኛ መጠንና በምን የአገልግሎት ክፍያ እንደሚገዛ ይጠይቁና፣ ከክፍያው በኋላ የሚቀረውን ከጊዜ ገደብ ተቀማጩ ጋር ያስተያዩ። ወለድ ለማይፈልጉ ሰዎች ከወለድ ነፃ የሆነው የኢንቨስትመንት ተቀማጭ አለ፤ ትርፉ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ያለፉትን ዓመታት ክፍያ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሦስተኛው ድርሻ ቀሪው 1,700,000 ብር ነው። ይህ ቢያንስ ለአራት ዓመት የማይነካ ስለሆነ ከዋጋ ንረቱ ጋር የመሮጥ ዕድል ያለው ነገር ላይ መዋል አለበት። ብዙ ውይይት የሚጠይቀውም እዚህ ላይ ነው።

አክሲዮን

በአዲስ አበባ አክሲዮን ማለት ለብዙ ዘመን የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን ማለት ነበር። የሚገዛውም በሰው በሰው ነበር፤ የሚሸጠውም እንዲሁ። ጥር 2 ቀን 2017 አክሲዮንና መሰል ሰነዶች በይፋ የሚገበዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሲጀመር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆነ፤ ከዚያም ገዳ ባንክ ተከተለ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ፣ አንድ ሰው መግዛት የሚችለው ቢያንስ 33፣ ቢበዛ 3,333 አክሲዮን ነበር። በገበያ የተመዘገበ አክሲዮን ለጡረተኛ ያለው ጥቅም ዋጋው መታየቱና ገዢ ፍለጋ በየቢሮው መዞር መቅረቱ ነው፤ ይሁን እንጂ ገበያው ገና ለጋ ስለሆነ በፈለጉበት ቀን በፈለጉት ዋጋ ይሸጣል ብሎ ማሰብ አይገባም።

የባንክ አክሲዮን ሲገዙ በጣም የሚያሳስተው የትርፍ ድርሻው አነጋገር ነው። «ባንኩ 30 በመቶ ከፍሏል» ሲባል 30 በመቶ የሚሰላው በአክሲዮኑ የተጻፈ ዋጋ ላይ ነው። የ1,000 ብሩን አክሲዮን ከሌላ ባለአክሲዮን ወይም በጨረታ 1,800 ብር ከፍለው ከገዙት፣ የሚደርስዎት 300 ብር ካወጡት ገንዘብ አንጻር 16.7 በመቶ ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የትርፍ ድርሻ ግብር ይቀነሳል። የአንድ መልካም ዓመት ክፍያ አይበቃም፤ የአምስት ዓመት ዓመታዊ ሪፖርት ይጠይቁና ለአንድ አክሲዮን የተከፈለውን በየዓመቱ ጎን ለጎን ይጻፉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይበልጥ ለጡረተኛው ይከብዳል። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር አድርጎ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ሰጥቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባንኮች ትርፉን በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ ወደ ካፒታል ማዞርን ይመርጣሉ፤ ጠቅላላ ጉባኤው ከወሰነ ባለአክሲዮኑ የሚደርሰው ተጨማሪ አክሲዮን ነው። ለ35 ዓመት ወጣት ይህ መልካም ነገር ነው። የትርፍ ድርሻውን ለታኅሣሥ ወር አስቤዛ ያሰበው ጡረተኛ ግን በአክሲዮን ወረቀት ሽንኩርት አይገዛም። ስለሆነም ከመግዛትዎ በፊት «ባለፉት ሦስት ዓመታት በጥሬ ገንዘብ የተከፈለው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። አክሲዮን ሦስተኛው ድርሻ ውስጥ እንጂ ሁለተኛው ውስጥ ያልገባውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ባንኮች ሒሳባቸውን የሚዘጉት በሰኔ ወር፣ ጉባኤያቸውን የሚያደርጉት ደግሞ ከኦዲት በኋላ ስለሆነ፣ ክፍያው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ዘግይቶ ይመጣል።

ገና በምሥረታ ላይ ያለ አክሲዮን ማኅበር ለጡረታ ገንዘብ አይሆንም። ይህን የምለው ከራሴ በመነሣት ነው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሆቴል አዳራሽ ጥሩ ምሳ ተጋብዤ የገዛሁት አክሲዮን ሠርተፊኬት እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ማኅበሩ ግን የለም። ያን ጊዜ ደመወዝተኛ ስለነበርኩ ጉዳቱን ቻልኩት። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ስላለ፣ አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ድርጅት ባለሥልጣኑ ያጸደቀው ፕሮስፔክተስ (ስለ ድርጅቱና ስለ አክሲዮኑ የሚዘረዝር ሰነድ) እንዳለው፣ የሚያግባባዎት ሰውም ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ መብትዎ ነው። ጥያቄው ያስቆጣው ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

የሚከራይ ቤት

ልቡ ወደ ቤት የማያደላ የአዲስ አበባ ሰው አላጋጠመኝም፤ ምክንያትም አለው፤ ባለፉት ዓመታት የቤት ዋጋ ከባንክ ወለድ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሆኖም የቤት ዋጋ መጨመር ሌላ፣ የኪራይ ገቢ ሌላ ነው። በ9,000,000 ብር የተገዛ አፓርታማ በወር 45,000 ብር ቢከራይ በዓመት 540,000 ብር፣ ማለትም 6 በመቶ ነው፤ የኪራይ ገቢ ግብር፣ አንድ ወር ባዶ መቆየቱ፣ የሊፍትና የጥበቃ መዋጮ፣ የውኃ መስመር ጥገና ሲቀነሱ ወደ 4 በመቶ ሊወርድ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ያላነሰ፣ በጽሑፍ የተደረገና የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በሚገለጸው መጠን የተወሰነ ነው። ስለዚህ «ኑሮ ሲወደድ ኪራይ እጨምራለሁ» የሚለው የቀድሞ ስሌት አሁን በነበረበት አይሠራም።

በመሀል ከተማ ሌላም ሥጋት አለ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ የሆነውን ያየ ሰው፣ ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ በኪራይ የመኖር ዘዴ ቤቱ የቆመበት ቦታ ለልማት እስከሚፈለግበት ቀን ድረስ ብቻ እንደሚያገለግል ይረዳል። በእጅዎ ያለ ቤት ካለ ሸጠው ይውጡ ማለቴ አይደለም፤ ጥሪትን በሙሉ ለአንድ ተጨማሪ ቤት ማዋሉን ግን አልመክርም። ቤት ለሕክምና አንድ ክፍሉ ተቆርጦ አይሸጥም።

ስለ ዶላርና ወርቅ አጭር ቃል ይበቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በፍጥነት ሲወርድ ያዩ ሰዎች ጥቁር ገበያ መሄድ ተመኝተዋል፤ ይህ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ በፍራሽ ሥር ያለ ዶላር የወር ገቢ የለውም። ወርቅም እንዲሁ ገቢ አያስገኝም፤ በጌጥ መልክ ከሆነ ደግሞ ሲገዛ የእጅ ዋጋው ይከፈላል፣ ሲሸጥ አይመለስም።

ዘመድና ልጅ

የጡረታ ገንዘብ መድረሱ በሰፈር ሳይሰማ አይቀርም። ልጅ የንግድ መነሻ ይጠይቃል፤ የወንድም ልጅ ለጉዞ፤ የእቁብ ጓደኛ ለአጭር ጊዜ ብድር። እምቢ ማለት በእኛ ወግ ከባድ ስለሆነ መልሱን አስቀድሞ በቁጥር ማዘጋጀት ይረዳል። ከሦስቱ ድርሻ ውጪ «የማይመለስ» ብለው የሚመድቡት ገንዘብ ይኑር፤ ከዚያ ይስጡ፤ ሲያልቅ «አልቋል» ማለት እውነት ይሆናል። ለልጅ ንግድ ማስያዣ ብሎ የመኖሪያ ቤትን ካርታ ባንክ ማስገባት ግን ለብቻው የሚታይ ነገር ነው፤ ንግዱ ባይሳካ በአንድ ቀን ገቢም መጠለያም ይታጣል።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ሠንጠረዡን እንደገና ይሥሩት። የዓመቱን እውነተኛ ወጪ፣ የሁለተኛውን ድርሻ ቀሪ፣ የተከፈለውን የትርፍ ድርሻ ይጻፉ፤ ሁለተኛው ድርሻ ከሁለት ዓመት ጉድለት በታች ከወረደ ከሦስተኛው ላይ ሸጠው ወይም የትርፍ ድርሻውን አዙረው ይሙሉት።

ሠንጠረዡን አንድ ጊዜ ደግሞ አበል ተቀባዩ እንደሌለ አድርገው ይሥሩት። ጡረተኛው ሲሞት ለትዳር ጓደኛው የሚከፈለው የአበሉ 50 በመቶ ስለሆነ፣ በምሳሌያችን 14,500 ብሩ 7,250 ብር ይሆናል፤ የአንድ ሰው ወጪ ግን በግማሽ አይቀንስም። የሰጡት ውክልና በሞትዎ የሚቀር በመሆኑም፣ በእርስዎ ስም ብቻ ያለው ተቀማጭና አክሲዮን የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስኪወጣ ድረስ አይንቀሳቀስም። ከመጀመሪያው ድርሻ የስድስት ወሩን ወጪ በባለቤትዎ ስም በተከፈተ ሒሳብ ያስቀምጡ፤ የሒሳብ ቁጥሮቹን፣ የጊዜ ገደብ ውሎቹን ማብቂያ ቀንና የአክሲዮን ሠርተፊኬቶቹን ዝርዝር በአንድ ፋይል አድርገው፣ ፋይሉ የትኛው ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ዛሬውኑ ያሳዩዋቸው።